የውስጥ መስመር ሁለት መቶ ዐሥር

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንትወርፕ ሲዘንብ፣
የቢሮውን ስልኮች ከስክሪን ላይ ሳነብ፣
ሰባት ለመጋዘን፣ አራት ለሒሳብ፣
ቁጥር ሳከፋፍል እንደ ዕድር ዳኛ፣
ማን ቀድሞ ይጠራ፣ ማን ይሁን ሁለተኛ፣

ደረስኩ ሁለት መቶ ዐሥር ላይ፤ ወይዘሮ ግሪት።
ጡረታ ወጥታለች ባለፈው መጋቢት።
«ይሰረዝ?» ይለኛል። ጣቴን አዘገየሁት።

መዝገቡን ከፈትኩ።
ሐሙስ፣ ዐሥራ ስድስት ሰዓት፤ በኔ ቆጠራ ዐሥር።
አንድ የሞባይል ቁጥር። አርባ ሰከንድ ጠርቶ ተዘጋ።
ያለፈው ሐሙስም። ከዚያ በፊቱም።

መልስ ከሌለ ወዴት? ከተያዘስ ወዴት?
ከሥራ ሰዓት ውጭ? በበዓላት ዕለት?
ሁሉን ይጠይቃል ይኼ ፕሮግራም፤
«ማን ይሆን?» የሚል ግን ሳጥን የለበት።

መሰረዙን ትቼ «አስተላልፍ» አልኩ፣
በባዶዋ ሳጥን የራሴን ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ ዐሥር ሰዓት፣ ስልኬ አቃጨለ።
«ሃሎ» ስል ደነገጠች።
«ግሪት ነኝ» አለችኝ፤ «ሰው ያነሳል አላልኩም፤
ቁጥሬ መኖሩን ላጣራ ነበር።»
ጥቂት ቆይታ፣ «መቼ ነው የምትሰርዙት?»

ሠላሳ አራት ዓመት በዚያ መስመር ኖራለች።
«ሲስተም የለም» አልኳት፣ እንደ አገሬ ባንክ ቤት፣
ኮስተር ብዬ፣ የምታየኝ ይመስል፤
«ሐሙስ ይሞክሩ።»