የትንፋሽ ዕቁብ

ካርድ ክፍል ነኝ እኔ፤ መስኮት ቁጥር ሦስት፣
መስታወቱ ተሰንጥቆ ፕላስተር የተለጠፈበት።
ከሰቃ፣ ከማና፣ ከጌራ፣ ከአጋሮ
በሌሊት ተነሥቶ፣ ሕመሙን ቋጥሮ
ጅማ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪም አይደለም፤
እኔን ነው። በእኔ እጅ መድኃኒት የለም።
ያለኝ አንድ ማኅተም፣ በክር የታሰረ እስክሪብቶ፣
ትንሽ ትዕግሥት ደግሞ፣ ከምሳ ዕቃዬ ጋር በፌስታል ተከቶ።

በመጀመሪያው ዓመት አላወቅሁበትም፤
ለመጣው ሁሉ ሰጠሁ፣ ቆጥሬ አልያዝኩትም።
ካርዱ የጠፋበት ሲጮህ አብሬው ጮህኩ፣
ያለቀሰች እናት ባየሁ ቁጥር አለቀስኩ፣
ማታ ቤቴ ስገባ ልጄ «እማ» ሲለኝ
የምመልስለት አንድ ቃል ቸገረኝ።
ደመወዝ ሊወጣ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው
እኔ ቀድሜ አለቅሁ፤ ይህን ማን ይቁጠረው?
ለዚህ ዓይነት ጉድለት ሒሳብ ክፍል የለው፤
ኦዲተር መጥቶ «የት ገባ?» አይለው።

ሸምሲያ ናት ያየችኝ። መስኮት ቁጥር አንድ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ከዚያው ወንበር ጋር ስትዋደድ።
አንድ ጎረምሳ ሲሰድባት አየሁ። ቀና አለች፣
መነጽሯን አወለቀች፣
በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣
ቀስ ብላ አጠለቀች፣
«ስምህን ድገምልኝ፣ የአባትህንም» አለች።

መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር።
ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ያን ጊዜ የምትጠርገው
ሌላ ነገር ነበር።

«ስድብ፣» አለችኝ በምሳ ሰዓት፣
ጎመኗን በቂጣ እየጠቀለለች፣
«ሰው ይዞልሽ የሚመጣው የብድር ወረቀት ነው።
ካልፈረምሽበት አትከፍይም።»

ዕቁቡን የጀመርነው በክረምት ነው፣
አዌቱ ደፍርሶ ድልድዩን ሊነካ ሲቃጣ፣
ሰልፉ ከዝናብ ሸሽቶ እኛው ላይ ሲመጣ።
አራት ነን፤ ሸምሲያ፣ ጣሂር፣ አስካለች፣ እኔ።
የሚጣለው ብር አይደለም፤ አሥር አሥር ደቂቃ፣
ከየራሳችን ወገብ፣ ከየራሳችን ጫንቃ።
ዕጣ የደረሰው ወንበሩን ትቶ ይነሣል፤
ሰልፉ ለሦስት ይከፈላል፣ እሱ ዋንዛው ሥር ይደርሳል።
ስልክ መንካት ክልክል ነው። ሐሜትም።
ጣሂር ጂሬን ኮረብታ ላይ ዓይኑን ያሰማራል፣
አስካለች ጫማዋን አውልቃ ታንቀላፋለች፣
እኔ ቅርንጫፍ ላይ ጉሬዛ እቆጥራለሁ፤
ስንት እንደሆኑ እስካሁን አልጨረስኩም።

ኃላፊው ሰማ። መጣ። «ይህ የመንግሥት ሰዓት ነው!»
ሸምሲያ መነጽሯን ጠረገች።
«ልክ ነህ ጌታዬ፤ ትንፋሹስ የማን ነው?»
ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣
እኛን አየ፣
«ሰልፉ እንዳይረዝም» ብሎ ወጣ።

ባለፈው ዓርብ ዕጣው የእኔ ነበር።
ጣሂር ግን ከጠዋት ጀምሮ ስም ይስታል፣
ከድጃን «ከድር» ብሎ ይጽፋል፣
የሞተ ሰው ካርድ ለሕያው ይሰጣል።
ሚስቱ ከወለደች ሳምንቷ ነው፤ እንቅልፍ የሚባል አላየም።
«ውጣ» አልኩት።
«ያንቺ ነው።»
«የቸገረው ይቀድማል። ዕቁብ ገብተህ አታውቅም?»

ወጣ።
ሰልፉ ግን አልወጣም። ውሸት አልናገርም፣
የዚያን ቀን ወገቤ ከድቶኛል፣
አንዲት ሴትዮንም ተቆጥቻለሁ፣
ወዲያው ደንግጬ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።
ሸምሲያም ከወዲያ፣ ከመስኮት አንድ፣
መነጽሯን አውልቃ ወደ እኔ ዘረጋችው፣
«እንኪ፣ ጥረጊ» እንደማለት።
ሳቅኩ። ሰልፉም ሳቀ፤ በምን እንደሆነ ሳያውቅ።

ሁልጊዜ አይሳካም። ሰኞ ሰኞ
እስከ ስድስት ሰዓትም አልደርስ፣ ያልቅብኛል።
ማታ ግን፣ ያን ዓርብ፣
በባጃጅ ተጨናንቄ ከፈረንጅ አራዳ ቁልቁል ወርጄ
በሩን ስከፍት፣ «እማ» አለኝ ልጄ።

ኪሴን እንደሚዳብስ ሰው ትንሽ ቆየሁ።
አንድ ተርፏል።

«ወዬ» አልኩት።