ስንት አነበብህ?

ከመገናኛ ግፊያ፣ ከሰው ጎርፍ መሐል፣
"ዝውውርህ ጸድቋል" የሚል የአንድ መስመር ቃል
አንሥቶ ዘረገፈኝ አምባ ጊዮርጊስ ላይ፣
ከጎንደር ሽቅብ፣ ጣሪያና ጭጋግ የሚዋሰኑበት ሰማይ።

ሥራዬ ያው ሥራ ነው፦ ቆጣሪ ማንበብ።
ገርጂ ላይ ስዞር ግን ያ ሁሉ ደጃፍ፣ ያ ሁሉ ግንብ
ለእኔ ቁጥር ነበር። በር አንኳኳለሁ፣
ዘበኛው "ማነህ?" ሲል "መብራት ኃይል" እላለሁ፣
አንብቤ፣ ጽፌ እሄዳለሁ።
ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ስሜን
አልጠየቀኝም። ወድጄው ኖሯል ለካ፣ ያን አለመታወቄን።

እዚህ ግን ከቢሮ እስከ ገበያው
የዐሥር ደቂቃ መንገድ ሰዓት ይፈጃል፣ ያው
ሰላምታ ሲጎትተኝ፦
"እንዴት አደርህ? ብርዱስ? እንቅልፍስ? ቤተሰብስ?"
መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ሲያስቆመኝ።
ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ብገዛ በጠዋት
ከነዋጋው ታውቃለች አከራዬ፣ በምሳ ሰዓት።
አንዴ ቢያስለኝ ሌሊት፣
ሲነጋ ሦስት ሴቶች፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት፦
ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፤ ሦስተኛው ምን እንደሆነ
እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን ጉሮሮዬ ዳነ።

ተናደድሁ። ለናሁሠናይ ደወልሁ፣
"ወንድሜ፣ እዚህ አገር ግድግዳው ዐይን አለው" አልሁ።
ሳቀብኝ። ከጀርባው የታክሲ ረዳት
"ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ይላል፤
ስልኩን ሳልዘጋ ቆየሁ፣ ያን ጩኸት ለመስማት።

ሌሊቱማ አይጣል ነው! ጆሮ የሚያደነቁር ዝምታ፤
ጅብ እንኳ ሲጮህ ደስ አለኝ አንድ ማታ።

በወር አንድ ጊዜ፣ ከደብሩ ጀርባ፣
አያ ዋሴ ግቢ ስገባ፣
መሰላሉን ደግፈው ይዘውልኝ
"ስንት አነበብህ?" ይላሉ። "ዐሥራ ስድስት ኪሎዋት" ስል ይስቁልኝ፦
"አንዲት አምፖል እኮ ናት! ይህን ሁሉ በላች?
በሬ እንኳ እንዲህ አይበላ፤ እሷ መች አረሰች?"
በየወሩ ያው ቀልድ። በየወሩ ያው ሳቅ።
እኔም ለወጉ ያህል ጥርሴን ብልጭ አድርጌ፣ ወደ ቀጣዩ በር ስዘልቅ።

ሞቱ፣ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ።
ከተማው ባንዴ ዘጋ፦ ሱቁ፣ ወፍጮው፣ ገበያ።
እኔ ቢሮ ዋልሁ።
"አላውቃቸውም" አልሁ፣ "ዘመድ አይደለሁ"።

ማንም አልወቀሰኝ። ብቻ በማግሥቱ
ሰላምታው አጠረ። "ደኅና አደርህ?" — አበቃ፤ ሁሉም ወደ ቤቱ።
የዐሥር ደቂቃው መንገድ ዐሥር ደቂቃ ሆነ።
የፈለግሁት ይህን አልነበር? ምነው ታዲያ እግሬ እንዲህ ባከነ?

ወር ሲሞላ መሰላሉን ራሴ አቆምሁ።
ቁጥሩን ካለፈው ቀነስሁ። ደግሜ ቀነስሁ።
ሠላሳ አንድ።
በመስኮት አየኋት፦ አምፖሏ በጠራራ ፀሐይ እየነደደች፤
ከሥሯ፣ ማቅ ለብሰው፣ እትዬ አንጓች።
"ማጥፋቱ የሱ ነበር" አሉ፤ "እኔ መች…"
ቃሉ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ደብተሬን ገለጥሁ። ዐሥራ ስድስት፣ ዐሥራ ስድስት፤ በሁዳዴ
ዐሥራ ዘጠኝ፣ ዳዊቱ ረዝሞ ነው። ሐምሌ ላይ ዐሥራ አንድ፤ ታመው ነበር እንዴ?
ሁሉንም ጽፌዋለሁ በገዛ እጄ፣
ሳላነበው ነው እንጂ።

ከመሰላሉ ወረድሁ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ፣
በወሩ የመጣ ለቀስተኛ፤ "እግዜር ያጽናዎ" እንኳ አቃተኝ፣ አቀረቀርሁ።
ብዙ ቆዩና፣ ቀስ ብለው፣
"ስንት አነበብህ?" አሉኝ።
ነገርኋቸው።
"ሂሳቡ በሱ ስም ይምጣ" አሉ፤ "ስሙን አትለውጠው።"

ስመለስ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ነበር።
አንድ ድምፅ፣ ፊቱን ያላየሁት፣ ከአጥር ሥር
"እንዴት ዋልህ? ብርዱስ?" አለኝ።
ቆምሁ። "ብርዱስ አይጣል ነው" አልሁ፤ "እርስዎስ? ልጆቹስ? ከብቶቹስ?"
"ከብት እንኳ የለኝም" አለ ጭጋጉ፤
ሳቅን።