ሁለት በሁለት

አሸዋ ነው የገዛነው።
ከሻርጃ ወዲያ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣
ግመል የተሣለበት ቢጫ ሰሌዳ አጠገብ፣
አሥራ ስምንት በሃያ አራት አሸዋ፤
አራት ብረት ተተክሎበት፣ በቀይ የፕላስቲክ ገመድ ታጥሮ።

"ገዛን" አልኩ እንጂ ውሉ እንዲያ አይልም።
ደላላው ሻጂ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
አረብኛውን እየሰባበረ አነበበልን፦
መቶ ዓመት። ከዚያ መሬቱ ወደ ባለቤቱ።
እንድሪስ ሳቀ።
"መቶ ዓመት ካልበቃኝ ቀስቅሰህ ታስፈርመኛለህ" አለው።
እኔ አልሳቅሁም።
ወተት ላይ ቀን ይጻፋል፣ ኢቃማችን ላይ ቀን አለ፣
ለካ አፈርም የሚያልፍበት ቀን አለው ስል
የፊርማው ቀለም አውራ ጣቴ ላይ ደረቀ።

ሐርቡ፣ አባቴ ቀዬ፣ መሬት ሲለካ
ጎረቤት ይቆማል፣ ገመድ ይወጠራል፤
ድንበሩ ያ ዋንዛ ነው፣ ይህ ድንጋይ ነው።
እዚህ ዋንዛም ድንጋይም የለ፤
አንድ ልጅ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን አቁሞ
ሰማዩን ጠይቆ ነገረን
የኛ የት ላይ እንደሚያልቅ።

መሐንዲሱ ፕላኑን ዘረጋው።
ሳሎን፣ የወንዶች መጅሊስ፣ የሴቶች መጅሊስ፣
("እኛን ማን ሊጠይቀን ነው?" እንድሪስ)
ሦስት መኝታ፣ ወጥ ቤት፤
ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከቆሻሻ መውጫው ጎን፣
አንዲት ትንሽ ሳጥን።
"ይቺስ?" አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው።
"የሠራተኛ ናት፣ ማዳም፤ ሁለት በሁለት።"
ማዳም ሲል ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ።

አውቃታለሁ።
አጅማን፣ ማማ ሞዛ ቤት፣ ሰባት ዓመት ተኝቼባታለሁ።
የልብስ ማጠቢያው ሌሊት ሲሽከረከር
ጥርሴን ያንገጫግጨው ነበር።
መስኮት የላትም፤
ዝናብ መጣሉን የማውቀው
የልጆቹን እርጥብ ጫማ ሳነሣ ነው።

"አጥፋት" አልኩት።
"ያለ እሷ ቪላው አይሸጥም።"
"ማን ሊሸጥ?"
"ኋላ ሁሉም ይሸጣል፣ ማዳም።"
"እንግዲያው መስኮት አውጣላት።"
"ወዴት? ፊቷ የጎረቤት ግንብ ነው።"
"ወደ ግንቡ።"

እንድሪስ ሃያ ዓመት ሚክሰር ነድቷል።
የስንት ቤት መሠረት እንዳጠጣ ቁጥሩን አያውቅም፤
አንዱንም በፊት በር አልገባበት።
በኛ ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ አቁሞ
ማንሻውን ሳይነካ ቆየ።
ከአሸዋው ውስጥ ዛጎል ወጥቶ ነበር፣ ነጭ፣ የባሕር።
"ይኸውልሽ" አለኝ፣ "ከእኛ በፊትም ተከራይ ነበረበት።"
ከዚያ ለቀቀው።

የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ትላለች እናቴ በስልክ።
የሰው አሸዋ ግን ጣራ ይሸከማል፣ እላታለሁ።
"ጣራውስ የማን ነው?" ትላለች፣
መስመሩ ይቋረጣል።

የገባን ቀን
እንድሪስ የፊት በሩን ቁልፍ ኪሱ ይዞ
ዞሮ በጀርባ ገባ።
አላወቀውም። አልነገርኩትም፤
ብቻ በማግሥቱ የጀርባውን በር
በካርቶን፣ በአሮጌ ብስክሌት፣ ባገኘሁት ሁሉ ዘጋሁት።

ማታ ትልቁ ክፍል እንቅልፍ ነሣኝ።
ጣራው ሩቅ፣ አልጋው ዳርቻ የሌለው፣
ኤሲው እንደ ሰው ይተነፍሳል።
ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ እንደ ሌባ፣
ወጥ ቤቱን አልፌ ወደዚያች ገባሁ።
ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። ልኬ ናት፤
ራሴ ይህን ግድግዳ፣ እግሬ ያንን።
አፈርኩ።
እንቅልፍ ግን ወዲያው ወሰደኝ።

ሲነጋ በመስኮቱ
የጎረቤት ግንብ ላይ ክንድ የምታህል ብርሃን ተለጥፋለች፤
ፀሐይ አይደለችም፣ ሰው የተወው የፀሐይ ልባሽ።
እንድሪስ ይጣራል።
በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣
ሁለቱም መጅሊስ ውስጥ ስሜን ይፈልጋል፤
ይቺን በር ግን አላሰባትም።
ቆይ፣ አልኩ በሆዴ፤
መቶ ዓመት አለን፣
አምስት ደቂቃ ይጥራኝ።