ድንኳን ያለ ለቅሶ

እሁድ ከሰዓት ነው፣ ሂርማታ ጥጉ ላይ፤
ውኃ ያዘለ ነው የጅማ ሰማይ።
ድንኳኑ ተተክሏል፣ የለበትም ሬሳ፤
መንገደኛው ቆሞ «ማን ሞተ?» ሲያነሳ
«ማንም» እንላለን። ግራ ይገባዋል።
ድንኳን ያለ ለቅሶ ለምን ይተከላል?

ነጂባ ቆማለች፣ ከጤና ጣቢያ መጥታ፣
የደረሰኙን ጥራዝ በላስቲክ ከትታ፦
«በዓመት አንዴ ብቻ፣ ለሙሉ ቤተሰብ፤
የታመመ ይታከም፣ ያልታመመ ያስብ።»

ባለሱቁ ተማም ቀድሞ ተነሳ፦
«ስድስት ዓመት ከፈልኩ፣ ጉንፋን እንኳ አልያዘኝ፤
ያ ሁሉ ብር የት ነው? ማን ይመልስልኝ?
በአረቄ ጉበቱን ሌት ተቀን ላሳረረ
ማን ነው የእኔን ሱቅ ዋስ አርጎ የቆጠረ?»

ሳቅ አለ። አንዳንዱም ራሱን ወዘወዘ።
አባ ዱራ ሲነሣ ሳቁ ፈዘዘ፤
ስኳሩ አንድ እግሩን ወስዶበታልና።
«ካርዱን ይዣለሁ፣ ይኸው ከደረት ኪሴ።
መስኮቱ ላይ ስደርስ ትጨነቃለች ነፍሴ፦
‹ኢንሱሊን አልመጣም፤ ከውጭ ግዛ፣ አባባ!›
ውጭማ ሞልቷል፣ ብር ላለው፣ እንደ ገለባ።
ቃል ሰምተን ጠግበናል፤ ቃል ቁስል አያጥብም፤
ደረሰኝም ቢሆን በውኃ አይዋጥም።»

የዳልጌ ልጅ ደግሞ፣ ሐኪም ሊሆን ያለ፣
«ለሁሉም ነፃ ይሁን፣ ከግብር ነው» አለ።
«የማን ግብር?» ብሎ ተማም ተቀበለ።

እኔ አልተናገርኩም። ገንዘብ ያዥ ነኝና
ጭኔ ላይ ያለውን መዝገብ ከፈትኩና
ለራሴ አነበብኩ፣ ድምፅ ሳላወጣ፦

ሚያዝያ ዘጠኝ። የሸምሲያ ልጅ ኑረዲን፣ አሥራ አራት ዓመቱ፣
ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ፣ ተቀበረ በዕለቱ።
ለከፈን፣ ለመኪና፣ ለወንበር፣ ለስኳር፣
ወጪ፦ ስምንት ሺህ ከአምስት መቶ ብር።

መዝገቡ ያልጻፈው ይህ ነው፦
ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ ሸምሲያ ደጄ መጥታ ነበር።
ለቀዶ ጥገናው ሦስት ሺህ ጎድሏታል።
«የእድር ደንብ» አልኳት፣
«ለሞት እንጂ ለሕመም አይልም።»
እውነቴን ነው፤ አንቀጽ አራት።
በሩ ላይ ትንሽ ቆመች፤ ነጠላ ጫማዋን
ገለበጠች፣ አቃናች፣ ሄደች።
በአምስተኛው ቀን እኔው ራሴ ከፈልኳት፣
ቆጥሬ፣ ምስክር ይዤ፣ በጣቷ አስፈርሜ።
ልጁ ሲተነፍስ ሦስት ሺህ ያልነበረው ሣጥን
ትንፋሹ ሲቆም ስምንት ሺህ ወለደ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ለእድር ሲከፍል
ተማምን አልሰማሁም «አልሞትኩም፣ መልሱ» ሲል።
ይህን ልነግረው ነበር። አፌም ተከፈተ።
ግን ደንቡን ያነበበው አፍ ይኸው ነበረ።

ዝናቡ ወረደ፣ እንደ ጅማ ዝናብ፣ ሳያስጠነቅቅ።
ሰው ሁሉ ወደ መሀል ተጠጋጋ፤
ነጂባ ጥራዙን ብብቷ ውስጥ ወተፈች።
ከኋላ አግዳሚ ሸምሲያ ተነሥታ መጣች፣
የታጠፈ ብር ከመቀነቷ ፈታች።
«የቤተሰብ ብዛት?»
«ሁለት» አለች። ዝም አለች። «አንድ በይው።»
«መድኃኒቱስ ይመጣል?»
ነጂባ እስክሪብቶዋን አየች።
«እንጃ፣ እትዬ» አለች፤ «ካልከፈልን ግን አይመጣም።»
«ከፍለን ቀርቷል!» አለ አባ ዱራ፣
ብሎም በክራንቹ ወንበር ገፋላት።

እኔም ተሰለፍኩ፣ መዝገቡን ከዝናብ ደብቄ።
ስንት ሰው ከፈለ? ጥቂት። አልቆጠርኩም፤
በዕድሜዬ ያልቆጠርኩት ገንዘብ ያ ብቻ ነው።

ተማም የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ ቆሞ ነበር፣
ከአዌቱ በኩል የመጣው ንፋስ እንዳይነቅለው።
ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል።
አልከፈለም።
ምሰሶውንም አልለቀቀም።