የአራት ሰዓት መንገድ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከስልክ ጠጋኙ ጎን፣
ትኬት መቁረጥ ከጀመርን፣
እኔና ይህ ወንበር ዘጠኝ ዓመት ሆነን።
ማቀዝቀዣው ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ባልዲ አለ፤
አገር ቤት መስከረም ጠብቷል፤ እዚህ መስተዋቱ ገና ላብ እንዳዘለ።

ሰው ይገባል፣ ዋጋ ይጠይቃል፤
ስንት ኪሎ ይፈቀዳል፣ ቴሌቪዥን ይጫናል ወይ ይላል፤
ሲከራከር ይቆይና፣ ከፍሎም ሳይከፍልም ይወጣል።

ጦይባ ግን ገና ሳትቀመጥ፣ ቦርሳዋን በሆዷ ይዛ፣
ርቀቱን ጠየቀችኝ፣ ፈገግ ሳትል፣ ሳትዋዛ፦
«ከዚህ አዲስ አበባ ድረስ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?»
«ሁለት ሺህ አምስት መቶ ገደማ። በአራት ሰዓት ይገባል።»

«አራት» አለች ደግማ፣ እንደ ተጠረጠረ ብር ገልብጣ አይታ፣
«እኔ እኮ ለጁምዓ ልብስ ስተኩስ፣ ከዚያ በላይ እቆማለሁ ማታ ማታ።
ሰባት ከንዱራ፣ የሕፃናቱ ሳይቆጠር፤
እና አገሬ ይህን ያህል ቅርብ ነበር?»

(እኔስ? ቅናሽ አለኝ፣ የሠራተኛ፣ በግማሽ ዋጋ፤
ከተጠቀምኩበት ስድስት ዓመት፤ ሁልጊዜ «የሚመጣው በጋ»።)

ምን ልበላት? ጣቴን ካርታው ላይ አስኬድኩ፣ ፀሐይ ባነጣው ወረቀት፤
በአሸዋው ላይ፣ በየመን ተራራ ላይ፣ ባሕሩን በአንድ ጥፍር ስፋት፤
አፋር ስደርስ፣ «ባቲ እዚህ ናት» ብላ ጣቴን በጣቷ አቆመች፤
«እዚህ ጋ ‹ወራጅ አለ› አይባልም?»
ሳቅኩ። እሷ አልሳቀች።

አውሮፕላኑ ያልፋታል፤ አዲስ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ኋላ መመለስ፤
ጣርማ በርን በአውቶቡስ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል፣ ኮምቦልቻ እስክትደርስ፣
ቀኑን ሙሉ፤ ያውም ጎማ ሳይተነፍስ።
«ሰማዩስ አጭር ነው» አለች፤ «መሬቱ ነው የሚረዝም።»
ደጋግማ ያሰበችው እንጂ፣ ድንገት ያመለጣት አይመስልም።

የእጇን ሰዓት አየሁ፤ የእኔ ግድግዳ አምስት ሲል፣ የእሷ አስር ይላል፤
«ከመጣሁ አልነካሁትም፤ ባትሪ ሲቀየርም በአገር ቤቱ ይሞላል።
አስር ሰዓት ላይ ልጄ ከትምህርት ቤት ትገባለች፤
ስለያት የአራት ዓመት ነበረች።»

ላጽናናት ብዬ ቀለድኩ፤ ለሁሉም የምነግረው ነው፤
«የእኛ ዘመን አቆጣጠር ሰባት ዓመት ወደ ኋላ አይደል የቀረው?
አራት ሰዓት ትበሪና፣ ሰባት ዓመት ተቀንሶልሽ ትወርጃለሽ፤
ከዚህ የተሻለ ቅናሽ የት ታገኛለሽ?»

ዝም አለች። በጣቶቿ ቆጠረች፤ አውራ ጣቷ ላይ የካውያ ጠባሳ።
አስራ አንድ። ሰባቱን አጠፈች። የቀሩትን ወደ እኔ ዘረጋች፦
«እሺ፣ ሰባቱን መለሰልኝ እንበል። አራቱሳ?»

ኮምፒውተሩ ላይ «የጉዞ ጊዜ» የሚል ጠባብ ሣጥን አለ፤
ከቁጥር በቀር አይቀበልም። አራት ብዬ ሞላሁት፤ ምንም አላለ።

ማተሚያው እያቃሰተ ወረቀቱን ተፋላት።
«መስኮት ዳር ይሁንልኝ፤ ባቲን ከአናቷ ልያት።»
መስኮት ዳር ሰጠኋት።
መነሻው ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ያውም በፈረንጅ ሰዓት፤
በረራው የሌሊት እንደሆነ ግን፣ አፍ አውጥቼ አልነገርኳት።