የጭድ ሒሳብ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከቆራሌው ደጃፍ፣
ቢጫ ጀሪካኑን፣ የተሰበረ አፍ፣
በኪሎ ገዛሁት፤ ውሃ የጠገበው፣
ዘይትና ጋዝ ይዞ ጎኑ የነተበው።
ቆራሌው ፈገግ አለ፦ «እህት፣ ለምን ሥራ?»
«ከቃጫ ላጋባው፣ ከድንጋይም ጋራ።»

የአዘዞው አንጋው፣
ቃጫ ሲፍቅ የኖረ፣ ጅማት ሊለይ ከሥጋው፣
እስር ሙሉ ሰጠኝ፤ ዋጋም አልጨመረ፣
ግን ጀሪካኑን ሲያይ እየተገረመ ቀረ፦
«ይህ በሬ ያስራል፣ ባልዲ ከጉድጓድ ያወጣል፤
ከላስቲክ ጋር ሆኖ ምን ጉድ ያመጣል?»

የድንጋዩ ክር ግን በጆንያ ነው የመጣ፣ ከሩቅ።
ድንጋይ ነው፣ ቀልጦ እንደ ማር የፈሰሰ፣
ከጸጉር ቀጥኖ ክር ሆኖ የደረሰ፤
ዘመዱ እዚህ አለ፤ ያው ጥቁሩ ድንጋይ፣
ከአንገረብ ዳርቻ፣ ከግንቡ እግር ላይ፣
ኖራ ተንተርሶ የተኛው በፀሐይ።

አባቴ ጭቃ መራጊ ነበር።
እስከ ጉልበቱ ገብቶ እየረገጠ፣
«ጭቃ ያለ ጭድ፣ ልጄ፣
ፀሐይ ስታየው ይስቃል» ይለኝ ነበር።
ስንጥቅን «ሳቅ» ነበር የሚላት።
ሦስት አካፋ ጭቃ፣ አንድ እቅፍ ጭድ።
የኔ ደብተር «ቃጫ፣ ሠላሳ በመቶ፣ በክብደት» ይላል፤
ሒሳቡ ያው ነው።

የመጀመሪያው ሰሌዳ በቶሎ ተሸነፈ።
ቃጫው እርጥበት ጠጥቶ ኖሯል።
ስብራቱን በአጉሊ መነጽር ሳየው
ክሮቹ ራቁታቸውን ተመዘው ወጥተዋል፣
ቀዳዳቸውን ፕላስቲኩ ላይ ትተው፣
ሳይሰናበት እንደሄደ እንግዳ።
አልተበጠሱም፤
ብርቱዎች ነበሩ፤ የያዛቸው አልነበረም እንጂ።

በሶዳ አጠብሁት፣ ቅባቱ እስኪለቀው፣
ሦስት ቀን አሰጣሁት፣ ፀሐይ እንዲያደርቀው፤
ግማሹን በቃጫ፣ ግማሹን በድንጋይ፣
አንዱን ባንዱ መሀል፣ አንዱን ባንዱ ላይ፣
ደራርቤ ጨመቅሁት በጋለው ብረት፤
የላስቲኩ ሽታ ልብሴ ላይ ሰነበት።

ማክሰኞ፣ ምሽት አንድ ሰዓት። ናሙና ቁጥር ሰባት።
የማሽኑ መንጋጋ ግራና ቀኝ ነከሰው፣
ዘንጉ ዞረ፣ መርፌው ወጣ፤
አንድ ሺህ። ሁለት ሺህ።
ሁለት ሺህ አራት መቶ ኒውተን።
ጠቅ፣ ጠቅ አለ ከውስጥ፣ የቀጭን ክር ድምፅ፤
መብራት ሄደ።

ማራኪ ጨለመ፤ ከታች ከተማው ጠፋ።
መንጋጋው አልተከፈተም፣ ናሙናውም አልተበጠሰም፤
እንደተያያዙ ቀሩ።
በስልኬ ብርሃን መርፌውን አየሁት፦
ይወርዳል።
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ።
ርዝመቱ ያው ነው፤ የተነቃነቀ የለም፤
ይወርዳል ግን።
መጽሐፉ ይህን «መርገብ» ይለዋል፤
ቦታ ሳይለቁ፣ ሳይበጠሱ፣
ከውስጥ መላላት።

አባቴ ከመሰላል ወድቆ
ሦስት ክረምት ተኛ።
ድምፅ አላሰማም፣ አላማረረም፤
«ጠንካራ ነው» እንል ነበር፣ ጎረቤቱም እኛም፣
በሩ ላይ ቆመን፣ እጃችንን አጣምረን።
መርፌውን ያየለት አልነበረም።

መብራት የመጣው ሌሊት ነው።
መርፌው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ላይ ቆሟል።
ድንጋዩ ይመስለኛል ያቆመው፤
ቃጫው ሲረግብ ሸክሙን እያሻገረለት፣
ያም ያለ ቃል እየተቀበለው።
በደብተሬ ጻፍሁ፦ «ቁጥር ሰባት፤ አልተሰበረም።»
ከሥሩ ሌላ ነገር ጽፌ ሰረዝሁት።

ቅዳሜ አንጋው ጠየቀኝ፦ «እና? በሬ ያስራል?»
የናሙናውን ቁራጭ ሰጠሁት።
ነከሰው፣ አጎበጠው፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው፣
የራሱን ቃጫ ፈለገበት።
«አያስርም» አልሁት፤ «ግን አይስቅም።»
አልገባውም።
ቁራጩን ግን ኪሱ ከተተው።