የእግር ነገር

ዊኒፔግ። የጥር ሌሊት። ሴልከርክ ጎዳና።
ከምድር ቤቱ ውስጥ ማሞቂያው ያጓራል፤
ከጣራው የወረደ አንድ አምፖል በሽቦ
ሁለት ካፓሲተር ፊት ለፊት ያሳያል።

ጉልበታቸው እኩል፦ ሃያ ሁለት ማይክሮ፣
አራት መቶ ሃምሳ ቮልት፣ በአንድ ማኅተም፤
ከእግራቸው በቀር
የሚያጣላን የለም።

አንዱ ራዲያል ነው፤ ሁለት እግሩን ገጥሞ
እንደ ባንክ ቤት ዘብ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣
ስፍራ የማይሻማ፣ ዋጋው የማይከብድ፣
ሰማኒያ ሳንቲም ለአንድ።
ሌላው አክሲያል ነው፤ አንድ እግሩ በራስጌ፣ አንድ እግሩ በግርጌ፣
ከችካል እስከ ችካል ተጋድሞ የሚያድር፣
ፋብሪካ የረሳው፣ ተፈልጎ የሚገኝ፣
አሥራ አንድ ዶላር፣ ቀረጡ ሳይቆጠር።

"ቋሚውን ተዪው" ይላል ኦሬስት ህናቲዩክ፣
አርባ ዓመት ሙሉ የሬዲዮ ወጌሻ፤
ግራ ጆሮው ከሞተ ዘጠኝ ክረምት ሆነው፤
ስለ ድምፅ ከተነሳ አይሰጥም መሸሻ።

"ድምፅ እንደ ሰው ነው፤ በዚህ ይግባ፣ በዚያ ይውጣ፣
ቤቱን አቋርጦ፣ ግድግዳውን እያየ።
በገባበት በር ወዲያው የሚመለስ
ዕዳ ጠያቂ እንጂ እንግዳ መች ታየ?"

"ኤሌክትሪክ ዓይን የለው፤ በር አይመርጥም" አልኩት፤
"እግር ሲያጥር እንዲያውም ጫጫታው ይቀንሳል፤
ሠንጠረዡ ይኸው።"
"ሠንጠረዥ ጆሮ አለው? የሰማ ይፈርዳል።"
በየትኛው ጆሮህ? ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ
ዋጥኩት። ሻዩም በርዷል።

ገላው የኬክ ቆርቆሮ ነው፣ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ በሁለት ዶላር፤
በስቼ፣ ሞርጄ፣ ቲዩቦቹን የተከልኩበት፣
ጣቴን ሦስት ቦታ የቆረጠኝ፣
ዳር ዳሩ ዛሬም ቅቤ ቅቤ የሚሸት።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አንከራከርም፦
ማብሪያው ቢዘጋም፣ ገመዱ ቢነቀል፣
ሦስት መቶ ቮልት ሆዱ ውስጥ ቋጥሮ
እጅ እስኪመጣለት አድፍጦ ይቆያል።
ኦሬስት በሬዚስተር ቀስ አድርጎ ያፈሰዋል፣
እስከ ሃያ ይቆጥራል፤ ደግሞ ይለካል።
"ይህ ቂም ነው" አልኩት፤ "ቂም ይዞ ጸሎት፣
ሳል ይዞ ስርቆት" ብዬም ተረጎምኩለት።
ሳቀና፦ "ሳሉንስ አውቃታለሁ፤
ያቺ የስድሳ ኸርዝ እምምታ ናታ፣
የምድር ሽቦዋን አጥብቀሽ ካላሰርሽ
ዘፈን መሀል ገብታ ሠሪን የምታሳጣ።"

ቅዳሜ ለሻይ ሽቅብ ሲወጣ
ቋሚውን በድብቅ ሰክቼ ጠበቅኩት።
ተመልሶ አየ። አልተቆጣም። መበየጃውን አነሳ፤
ጫፉን ተከተልኩት፦
ጢስ። ከዚያ መንቀጥቀጥ፣ እንደ ዝንብ ክንፍ፤
በእግሮቹ መሀል ያለው አምስት ሚሊ ሜትር፤
ቀልጦ የፈሰሰው እርሳስ ሁለቱን አቀፈ።
ጠረገ። ደገመ። ጠረገ። ዐረፈ።
"መነጽሩ ነው" አለ።
"አዎ፣ መነጽሩ ነው።"

ያንን አክሲያል ያኔ እንደ አዲስ አየሁት፤
ከእግር እስከ እግሩ አራት ጣት ሜዳ፣
እጅ መንገድ ስቶ የሚመለስበት፣
ማንም ሳይታዘብ፣ ምንም ሳይጎዳ።
ክርክሩ ለካ የድምፅ አልነበረም።

ስድስት አዘዝኩ። ስድሳ ስድስት ዶላር፤
ለበረዶ ጫማ ያስቀመጥኩት ነበር።
"ልክ ነህ" አልኩት፣ "ሰማሁት፤ ይለያል።"
"አላልኩሽም?" አለና እጅጌውን ሰበሰበ፤
በሰፊው ሜዳ ላይ እየተንቀጠቀጠ
አንድ ሳይስት በየደ።

እሱ ከማይደርስበት፣ ከቲዩቡ ሥር ጥግ፣
አንድ ራዲያል ብቻ ቆሞ ቀረ።
"ያ ማነው?" አለ።
"ዘብ ነው።"
ዝም አለ፤ ጢሙ ሥር ግን ትንሽ ሳቅ ነበረ።

ማብሪያውን ጫንኩት። ቲዩቦቹ ቀሉ።
አንድ ጊዜ ሳል። ከዚያ ጸጥታ።
ከዚያ የአየር ጠባይ የምታነብ ሴት፦
ነገ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣ ነፋሱ ከሰሜን፣
የትምህርት ቤት አውቶቡሶች አይወጡም።
ኦሬስት ወንበሩን አዙሮ
ቀኝ ጆሮውን ሰጣት።